ከአፈር የሩዝ መድኃኒት ያወጡት ሐኪም

ብላስት የተባለው የሩዝ በሽታ በፈንገስ የሚመጣ ነው። ቅጠሉን ያነጥባል፤ አንገቱን የያዘው እንደሆነ ዛላው ፍሬ ሳይቋጥር ነጥቶ ይቀራል። ለጃፓን ገበሬ የብዙ ዘመን ጠላት ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበሬዎቹ በሽታውን የተከላከሉት ባዝቃ ወይም ሜርኩሪ ያለበትን ዱቄት ማሳቸው ላይ በመበተን ነበር። ዱቄቱ ፈንገሱን ቢያጠፋም ባዝቃው በሩዙ ፍሬ አልፎ ከሰው ማዕድ መድረሱ ስለታወቀ፣ ሌላ መድኃኒት መፈለግ ግድ ሆነ። ቀድሞ ከአፈር ተሕዋስ የተገኘው ብላስቲሲዲን ደግሞ የሰው ዓይን ይጎዳ ነበር።

የተሻለውን መድኃኒት ያገኙት ዶክተር ሐማኦ ኡሜዛዋ የእርሻ ባለሙያ ሳይሆኑ ሐኪም ነበሩ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1914 በፉኩይ ክፍለ ሀገር ተወልደው በ1937 ከቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። በጦርነቱ ዘመን ፔኒሲሊን በአገራቸው እንዲመረት ከደከሙት አንዱ ናቸው። በ1957 ለሳንባ ነቀርሳ ያገለግል የነበረውን ካናማይሲንን ለዓለም አስተዋወቁ፤ ከእርሱ የተገኘውም ገቢ በ1962 ለተቋቋመው የምርምር ተቋማቸው መሠረት ሆነ።

አሠራራቸው ቀላል ይመስላል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ከየቦታው አፈር ይሰበሰባል፤ በውስጡ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ተለይተው ይራባሉ፤ የሚያመነጩት ነገር በሽታ አምጪውን ይገታ እንደሆነ ይፈተናል። ዝናብ ሲጥል ከመሬት የሚነሣው የአፈር ሽታ እንኳ በአብዛኛው የእነዚሁ ተሕዋስያን ሥራ ነው። ናራ በተባለችው ጥንታዊ ከተማ ካለው የካሱጋ ቤተ መቅደስ ግቢ በተወሰደ አፈር ውስጥ የተገኘ አንድ ተሕዋስ፣ የሩዙን ፈንገስ የሚገታ መድኃኒት አስገኘ። በ1965 ይፋ ሲሆን ካሱጋማይሲን ተባለ። ፈንገሱ ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግደዋል፤ በሰውና በከብት ላይ ያለው ጉዳት ግን እጅግ አነስተኛ ነው።

ችግር የመጣው ከአጠቃቀሙ ነው። መድኃኒቱ ስለተወደደ በአንዳንድ አካባቢ በየዓመቱ እርሱ ብቻ ይረጭ ጀመር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ጃፓን መድኃኒቱን የተላመደ ፈንገስ ታየ፤ ቢረጭም ሩዙ ከመታመም አልዳነም። የማኅበር መሪዎች እዚህ ላይ ልብ ሊሉ ይገባል። የፈንገሱ ዘር በነፋስ ከማሳ ማሳ ስለሚሄድ አንድ ገበሬ ብቻውን መድኃኒት ቢለውጥ ብዙም አይጠቅመውም። በጃፓን ረጩ በአካባቢው ሁሉ ሲቆም የተላመደው ፈንገስ ፈጥኖ ቀነሰ፤ ካሱጋማይሲንም ከዚያ ወዲህ ከሌላ መድኃኒት ጋር እየተደባለቀ ይረጭ ጀመር።

ዶክተር ኡሜዛዋ በዚያው ዘመን ከአፈር ተሕዋስ ለካንሰር ሕክምና የሚያገለግለውን ብሊዮማይሲንንም አግኝተዋል። በ1986 በታኅሣሥ ወር በ72 ዓመታቸው አረፉ።