እራት እየቆጠሩ ጠበቃ መሆን

ጋንዲ ሲባል ትዝ የሚለን በትር የያዘው፣ ነጭ ጨርቅ ያገለደመው ሽማግሌ ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ሱፍ ለብሶ ሥራ ያጣው ወጣት ጠበቃ ነው።

በ1888 እ.ኤ.አ. ከህንድ ወደ ለንደን ሲነሳ 18 ዓመቱ ነበር። እንግሊዝ አገር ሶሊሲተር የሚባለው ጠበቃ ከባለጉዳዩ ጋር ተቀምጦ መዝገቡን ያሰናዳል፤ ባሪስተሩ ደግሞ ችሎት ቆሞ ይከራከራል። ባሪስተር ለመሆን ከአራት ነባር ማኅበራት በአንዱ መመዝገብ ግድ ነው። ጋንዲ ኢነር ቴምፕል ገባ። መስፈርቱ ያኔ ቀልድ ይመስል ነበር፦ ፈተና ማለፍና በማኅበሩ አዳራሽ የተወሰነ ቁጥር እራት ላይ መገኘት። ባትበላም ችግር አልነበረም፣ መገኘትህ ይቆጠር ነበር። ለአራት ሰው ሁለት ጠርሙስ ወይን ስለሚቀርብ፣ የማይጠጣውን ጋንዲን ሁሉም ከጎኑ ማስቀመጥ ይፈልግ ነበር! ለፈተናው ግን አልቀለደም፤ የሮማን ሕግ በላቲን አነበበ።

በጁን 1891 ፈቃዱን ይዞ ወደ አገሩ ተነሳ። ቦምቤይ ላይ በ30 ሩፒ የመጀመሪያ ጉዳዩን ያዘ፤ ለተከሳሿ መስቀለኛ ጥያቄ ሊጠይቅ ተነሳ፣ አንዲት ቃል አልወጣው አለ። ተቀመጠ፣ ሌላ ጠበቃ እንዲይዙ ነግሮ ወጣ። በወር 75 ሩፒ ለሚከፈልበት የእንግሊዝኛ አስተማሪነት ሲያመለክትም ዲግሪ የለህም ተባለ። ኢኮኖሚክስ ስንማር ፈቃድ ለገበያው የችሎታ ምልክት ነው ይሉን ነበር። እዚህ ጋ ምልክቱ አለ፣ ችሎታው ገና ነው።

ችሎታው የመጣው ደቡብ አፍሪካ ነው። በ1893 አንድ የህንድ ነጋዴ ድርጅት ለአንድ ዓመት በ105 ፓውንድ ቀጠረው። ክርክሩ የ40 ሺህ ፓውንድ ነበር። ጋንዲ የሂሳብ መዝገቡን ገጽ በገጽ አጠና፣ ከዚያ የሁለቱም ወገን ገንዘብ በጠበቃ ክፍያ እያለቀ መሆኑን አይቶ ወደ ሽምግልና ወሰዳቸው። ደንበኛው ረታ። ተሸናፊው ግን አንዴ ክፈል ቢባል ይከስራል፤ ጋንዲ ደንበኛውን ለምኖ በረጅም ጊዜ እንዲከፈል አስማማ። ለእኔ ከታወቀው የባቡር ታሪኩ ይልቅ ጠበቃነቱን የሚያሳየው ይሄ ነው።

በ1894 የናታል ጠበቆች ማኅበር ነጭ ስላልሆነ አይመዝገብ ብሎ ተቃወመ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ተቀበለው። በ1922 ህንድ ውስጥ በአመፅ ቅስቀሳ ስድስት ዓመት ሲፈረድበት፣ ኢነር ቴምፕል ስሙን ከመዝገቡ ፋቀ። መልሶ ያስገባው በ1988 ነው፤ ጋንዲ ከተገደለ 40 ዓመት አልፎት ነበር።