ዊልያም ስሚዝ፤ የምድርን ንብርብር ያነበበው መሬት ቀያሽ

ገደል በተናደበት ወይም ተራራ ተቆርጦ መንገድ በወጣበት ስፍራ ቆሞ የተመለከተ ሰው፥ ምድር ቀለማቸው ልዩ ልዩ በሆነ፥ አንዱ በሌላው ላይ በተነጠፈ የድንጋይና የአፈር ንብርብር የተሠራች መሆኗን ያያል። ብዙዎቻችን አይተን እናልፋለን። አይቶ ሳያልፍ ትርጕሙን የፈለገ አንድ የእንግሊዝ አገር ሰው ነበረ፤ ስሙም ዊልያም ስሚዝ ይባላል። ሊቃውንት የምድርን ታሪክ በምን እንደሚያውቁ ለመረዳት የሚፈልግ ሁሉ የዚህን ሰው ሕይወት ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ስሚዝ ማርች 23 ቀን 1769 ዓ.ም. በኦክስፎርድሸር አውራጃ፥ ቸርችል በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የመንደሩ ብረት ቀጥቃጭ ሲሆን፥ ልጁ ገና 8 ዓመት ሳለ ስለ ሞተ ገበሬ የሆነ አጎቱ አሳደገው። ከመንደር ትምህርት ቤት በላይ የመማር ዕድል አላገኘም። በዚያ አገር እርሻ ውስጥ የሚገኙትን ክብ ድንጋዮች ወተት አላቢዎች ቅቤ ይመዝኑባቸው ነበር። እነዚህ ድንጋዮች በጥንት ባሕር ውስጥ የኖሩ እንስሳት ቅሪቶች ናቸው። ስሚዝም ከልጅነቱ ጀምሮ ይለቅማቸው ነበር። 18 ዓመት ሲሆነው፥ ማለት እኛ ትምህርታችንን በምንፈጽምበት ዕድሜ፥ የመሬት ቀያሽ ረዳት ሆኖ ሥራ ጀመረ።

በ1791 ዓ.ም. ወደ ሶመርሴት አውራጃ ተላከ። በዚያም የድንጋይ ከሰል ጕድጓድ ውስጥ ወርዶ ሲመለከት፥ የድንጋዩ ንብርብር ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መቀመጡን አስተዋለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከሰሉ በጀልባ የሚጓጓዝበት ቦይ ሊቈፈር ስለ ታሰበ፥ መሬቱን የመቀየስና ቍፋሮውን የመቈጣጠር ሥራ ተሰጠው። ሠራተኞች በቈፈሩ ቍጥር የምድር ሆድ በፊቱ ይገለጥለት ነበር።

ነገር ግን አንድ ችግር ገጠመው። ብዙዎቹ ንብርብሮች በመልክ ይመሳሰላሉ፤ አንዱን የሸክላ አፈር ከሌላው መለየት አይቻልም። ስሚዝ መለያውን ያገኘው በቅሪቶቹ ነው። እያንዳንዱ ንብርብር የራሱ የሆኑ፥ በሌላው የማይገኙ ቅሪቶች እንዳሉት ተረዳ፤ ይህንም በ1796 ዓ.ም. በማስታወሻው ጻፈ። ነገሩን በምሳሌ ለመግለጥ፥ መሬት ቈፍረን የዳግማዊ ምኒልክ መልክ ያለበት ብር ብናገኝ፥ ከየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደ ሆነ ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። ቅሪቶቹም ለስሚዝ እንደዚሁ ሆኑለት። ከታች ያለው ንብርብር፥ ምድር ካልገለበጠችው በቀር፥ ከላይ ካለው ይቀድማል፤ ሩቅ አገር የሚገኝ ንብርብርም ቅሪቱ ተመሳሳይ ከሆነ ዘመኑ አንድ ነው።

በ1799 ዓ.ም. ከቦዩ ሥራ ተሰናበተ። በዚያው ዓመት በባዝ ከተማ፥ ቅሪት ይሰበስቡ ለነበሩት ለሁለት ቀሳውስት፥ ለቤንጃሚን ሪቻርድሰንና ለጆሴፍ ታውንሰንድ፥ የ23 ንብርብሮችን ዝርዝር በተራ አስጻፋቸው። ዝርዝሩ እየተገለበጠ በብዙ ሰዎች እጅ ገባ፤ ስሚዝም ዕውቀቱን ያለ ዋጋ ሰጠ። ከዚህ በኋላ ለብዙ ዓመታት በፈረስ፥ በሠረገላና በእግር አገሩን ዞሮ፥ በ1815 ዓ.ም. የእንግሊዝንና የዌልስን ንብርብር በልዩ ልዩ ቀለም የሚያሳይ ታላቅ ካርታ አወጣ። ካርታው ሲዘረጋ ቁመቱ ከ2 ሜትር ተኩል ያልፋል።

ይሁን እንጂ የድካሙን ዋጋ አላገኘም። በለንደን የሥነ ምድር ማኅበር ያቋቋሙት ባለጠጎችና መኳንንት ይህን የቀጥቃጭ ልጅ አባል ትሆን ዘንድ ና አላሉትም፤ እንዲያውም የራሳቸውን ካርታ አዘጋጅተው በ1820 ዓ.ም. አወጡ። እሱ ግን በባዝ አጠገብ የከፈተው የድንጋይ ካባ ስለ ከሰረበት ዕዳ ገባ። ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰባቸውን ቅሪቶች ለብሪቲሽ ሙዚየም ሸጠ፤ ይህም አልበቃውም። በ1819 ዓ.ም. በዕዳ ምክንያት በለንደን ታሰረ። ከአሥር ሳምንታት በላይ ታስሮ ሲፈታ ቤቱና ዕቃው ተይዞ ጠበቀው። ከዚያም ከሚስቱና ከሚያሳድገው ከእኅቱ ልጅ ከጆን ፊሊፕስ ጋራ ወደ ሰሜን እንግሊዝ ሄዶ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዘዋወረ በቅየሳ ሥራ ኖረ።

የተናቀው ሰው የተከበረው በ61 ዓመቱ ነው። በ1831 ዓ.ም. ያው ማኅበር በፕሬዚዳንቱ በአዳም ሴጅዊክ አማካይነት የመጀመሪያውን የዎላስተን ሜዳልያ ሸለመው፤ የእንግሊዝ ሥነ ምድር አባትም ተባለ። በሚከተለው ዓመት በየዓመቱ 100 ፓውንድ ጡረታ ተወሰነለት። በ1839 ዓ.ም. ወደ ሊቃውንት ጉባኤ ሲጓዝ ታሞ በኖርዝሃምፕተን ከተማ ዐረፈ።

ስሚዝ ያሳየው የትኛው ንብርብር እንደሚቀድም እንጂ ስንት ዓመት እንደ ሆነው አይደለም። ዓመቱ ሊቈጠር የቻለው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። በድንጋይ ውስጥ ያለው ዩራኒየም በማይለወጥ ፍጥነት ወደ እርሳስ ስለሚለወጥ፥ የሁለቱን መጠን በማመዛዘን አርተር ሆምስ በ1911 ዓ.ም. የአለቶችን ዕድሜ አሰላ። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ክሌር ፓተርሰን ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮችን መርምሮ የምድር ዕድሜ ወደ 4,550 ሚሊዮን ዓመት መሆኑን አስታወቀ። በአገራችንም በ1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላት የታወቀው፥ በዚያ የሚገኘውን የእሳተ ገሞራ ዐመድ በመመርመርና ንብርብሮቹን እንደ ስሚዝ በተራ በማንበብ ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ ከዚህ ሰው ሁለት ነገር እንማር። የመጀመሪያው፥ ዕውቀት በታላላቅ ቤቶች ብቻ እንደማይገኝና እጁን በጭቃ የሚያስገባ ሠራተኛም ሊቃውንት ያላዩትን ሊያይ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፥ ከሌላ ሰው ድካም ስንጠቀም የደከመውን ሰው ስም እንዳንሰውር ነው። ማኅበሩ ስሕተቱን ያረመው ስሚዝ በሕይወት ሳለ በመሆኑ ደግ ሆነ፤ ጥቂት ዓመታት ቢዘገይ ኖሮ ሜዳልያውን የሚቀበል አይኖርም ነበር።