ከበደ ሚካኤል፣ የሕፃናት ደራሲ

የእንግሊዝኛ ክፍል ተማሪ የሕፃናት ሥነ ጽሑፍ የሚባል ትምህርት እወስዳለሁ ሲል፣ እዚህ ሆሳዕና በመኝታ ቤታችን የሚጠብቀው መልስ ሳቅ ነው። ተረት ለመማር ዩኒቨርሲቲ ምን አስፈለገ ይሉታል። ወዳጆቼ ሆይ፣ አባቶቻችሁ በትምህርት ቤት መጀመሪያ በቃላቸው ያጠኑት ግጥም የማን እንደ ነበረ እስቲ ጠይቋቸው። ብዙዎቹ ከበደ ሚካኤልን ይጠራሉ።

እኒህ ሰው በደብረ ብርሃን አካባቢ ተወልደው፣ የቤተ ክህነት ትምህርት ቀምሰው፣ ኋላ አዲስ አበባ ፈረንሳይኛ ተማሩ። ፈረንሳይኛው ብዙ በር ከፈተላቸው፤ ከነዚያም አንዱ የላ ፎንቴን ተረት ነው። ላ ፎንቴን እ.ኤ.አ. በ1668 የመጀመሪያዎቹን ተረቶች ሲያሳትም ያበረከታቸው ገና ሰባት ዓመት ላልሞላው ለፈረንሳይ አልጋ ወራሽ ነበር። ምንጩ ግን የጥንቱ ኤዞፕ ነው። እንግሊዞችም ቢኾኑ ከዚሁ ጕድጓድ ቀድተዋል፤ ካክስተን በ1484 ኤዞፕን አተመላቸው፣ ጆን ሎክም በ1693 ለልጅ ንባብ የሚስማማ መጽሐፍ ይኸው ነው ብሎ መከረ። እንግዲህ የኛ የእንግሊዝኛ ትምህርትና የከበደ ሚካኤል ግጥም የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ፣ ልጅ የሚያነበው የአማርኛ መጽሐፍ ጥቂት ነበር። ታሪክና ምሳሌ የተባሉት መጻሕፍታቸው የደረሱት በዚህ ችግር ጊዜ ነው። የባዕዱን ተረት ቃል በቃል አልገለበጡም። አውሬው ሸዋ ተወልዶ ያደገ ይመስል በቤት ግጥም አናገሩት፤ ስለዚህም ልጁ ሳይታክት ያዘው። ምክራቸው ይበዛል ብል ትቈጡኝ ይኾን? ሉዊስ ካሮል በ1865 ባሳተመው የአሊስ ታሪክ ሕፃኗን ያለ ተግሣጽ እንድትጫወት ለቀቃት፤ ከበደ ሚካኤል ግን የልጁን እጅ አይለቁም።

በትምህርት ሚኒስቴርና በቤተ መጻሕፍት ሠሩ፤ ሮሜዎና ዡልየትን ወደ አማርኛ መለሱ፤ በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀበሉ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ቤታቸው ተወርሶ ብዙ ዘመን በሆቴል ክፍል ኖሩ። በስተርጅና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው፤ በኅዳር 1991 ዓ.ም. ዐረፉ።

እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። ያ ሁሉ ግጥም ለሀዲያና ለከምባታ ገጠር ልጅ የደረሰው በቤቱ በማይነገር ቋንቋ ነበር። ዛሬ ትንሹ ወንድሜ በሀዲይሳ ፊደል ቈጥሯል። ዳሩ ግን ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ በሀዲይሳ የተጻፈ ተረት ልገዛለት ገበያ ወጥቼ ባዶ እጄን ተመለስሁ። አያቴ ደግሞ ማታ ማታ እሳት ዳር የምታወራው የጅብ ተረት ሞልቷታል። ባለፈው እረፍት ከነዚያ ውስጥ ሦስቱን በደብተሬ ጻፍኋቸው፤ አራተኛውን ስትጀምር እንቅልፍ ወሰዳት።