የመምህሩን ውለታ ያልዘነጋ ደራሲ፤ አልቤር ካሙ

ከታወቁት የፈረንሳይ ደራስያን መካከል አንዱ አልቤር ካሙ ነው። እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን የምንሰናበት ተማሪዎች ስለ እርሱ ለመጻፍ የመረጥነው፣ ያገኘው ሽልማት ታላቅ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ከአንድ የክፍል መምህር ስለ ተነሣ ነው። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ካሙ በ1913 ዓ.ም. በፈረንሳይ ትገዛ በነበረችው በአልጄሪያ ተወለደ። አንድ ዓመት ሳይሞላው አባቱ ወደ ጦርነት ዘምቶ በማርን ውጊያ ቆሰለ፤ በዚያውም ቁስል ሞተ። እናቱ ጆሮዋ የሚደክም፣ ማንበብና መጻፍ የማታውቅ ሴት ነበረች። በአልጀር ከተማ ከእናቷ ዘንድ ተጠግታ፣ የሰው ቤት እያጸዳች ሁለት ልጆቿን አሳደገች።

በሠፈሩ ትምህርት ቤት ሙሴ ሉዊ ዤርሜን የሚባሉ መምህር ነበሩ። እርሳቸውም ከዚያው ጦርነት በሕይወት የተመለሱ ነበሩና አባት ለሞተባቸው ልጆች ልባቸው ይራራ ነበር። አያቲቱ ልጁ ቶሎ ሥራ ይዞ ገንዘብ እንዲያመጣ ትሻ ነበር። መምህሩ ግን እቤት ድረስ ሄደው አሳመኗት፤ ከክፍል በኋላም ያለ ዋጋ እያስጠኑት ለነጻ ትምህርት ፈተና አዘጋጁት። በ1924 ዓ.ም. ፈተናውን አልፎ ሊሴ ገባ።

ከዚያም በኋላ መከራው አልቀረለትም። ጐበዝ የእግር ኳስ በረኛ ሳለ በ17 ዓመቱ የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። ፍልስፍና ቢማርም፣ በሽታው የሊሴ መምህር ከመሆን አገደው። ስለዚህ ጋዜጠኛ ሆነ፤ በ1939 ዓ.ም. የካቢሊን ሕዝብ ረኃብ በዓይኑ አይቶ ጻፈ። ጀርመኖች ፈረንሳይን በያዙ ጊዜም ኮምባ በተባለው በስውር በሚታተም ጋዜጣ ሠራ። በ1942 «ባይተዋሩ»፣ በ1947 «ወረርሽኙ» የተባሉት ልብ ወለዶቹ ታተሙ።

በ1957 ዓ.ም. የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተሰጠው። ያን ጊዜም ከእናቱ ቀጥሎ ያሰበው ሙሴ ዤርሜንን እንደ ሆነ በደብዳቤ ገለጸላቸው። በሽልማቱ ምክንያት ያደረጋቸውን ንግግሮች ሲያሳትምም መጽሐፉን ለእርሳቸው መታሰቢያ አደረገው።

ሕይወቱ ግን ያለ ነቀፋ አልነበረም። አልጄሪያውያን በ1954 ለነጻነታቸው ሲነሡ፣ ዐረቦችና ፈረንሳውያን በአንድነት እንዲኖሩ ተመኘ እንጂ ነጻነቱን አልደገፈም፤ ስለዚህም ከሁለቱም ወገን ተወቀሰ። አልጄሪያ በ1962 ነጻ ስትወጣ እርሱ በሕይወት አልነበረም። በጃንዋሪ 4 ቀን 1960 በመኪና አደጋ በ46 ዓመቱ ሞቶ ነበር። ከአደጋው ሥፍራ በተገኘው ቦርሳው ውስጥ ያልተጨረሰ ጽሑፍ ነበረ። በ1994 «የመጀመሪያው ሰው» ተብሎ በታተመው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ፣ ስለ አንድ ድኻ ልጅ ሲሉ ወደ አያቱ ቤት የሚሄዱ መምህር ይገኛሉ። መታሰቢያነቱንም ማንበብ ለማትችለው እናቱ ሰጥቶት ነበር።

ከእኛም መካከል ወላጆቻችን ይህን መጽሔት ሊያነቡ የማይችሉ አለን። ለእነርሱ ማታ እቤት ተቀምጠን እናነብላቸዋለን። መምህሮቻችን ግን ራሳቸው ያነቡታልና ምስጋናችን ከመለያየታችን በፊት ይድረሳቸው።