ነጋድራስ አፈወርቅ፡ ደራሲው፣ ዳኛውና ‹‹አፈ ቄሣሩ››

ባለፈው ሰሞን ከወደ አበርገሌ አንድ ጥያቄ ደረሰኝ። ጠያቂው በዚያው ወረዳ መምህር የሆነ የእህቴ ልጅ ነው። በዚህ ወር የወጡ አዳዲስ ልብ ወለዶችን ገዝቼ በሰቆጣ አውቶቡስ እንድልክለት ለመነኝ። የፍቅርም ሆነ የወንጀል ምርመራ፣ ታሪካዊም ሆነ ሳይንሳዊ፣ አይመርጥም። አበርገሌን የምታውቁት ታውቃላችሁ፤ ተከዜን ተጎራብቶ የተቀመጠ ደረቅ ቆላ ነው፤ ስሙ የሚነሳውም በፍየሉ ነው። የጦርነቱ ዓመታት ብዙውን ነዋሪ አፈናቅለው ሰቆጣ ላይ አስጠልለውት ነበር። ከዚያ ሁሉ በኋላ ልጆች የሚያነቡት መጽሐፍ የሚለምን መምህር ማግኘት በራሱ ደስ ያሰኛል።

እኔም መጻሕፍት መደብር ገብቼ ካርቶኑን ሞላሁ። መጨረሻ ላይ ግን አዲስ ያልሆነ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ጨመርኩ። ‹‹ጦቢያ››ን። ይህንኑ በስልክ ስነግረው ልጁ ዝም አለ። ቆይቶም፣ ጋሼ ከቻልክ እሱን አውጣልኝ አለኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ ደራሲው ባንዳ ነበር ይባላል፤ እዚህ አገር ደግሞ የባንዳን ነገር ለሽማግሌዎች ማስረዳት አይቻልም ሲል መለሰልኝ። ልጁ እውነት አለው። ነገር ግን እሱ ራሱ ሲጠይቀኝ የተጠቀመበትን ‹‹ልብ ወለድ›› የሚለውን ቃል ለቋንቋችን ያወረሰው ያው መጽሐፍ መሆኑን አላወቀም። ስለዚህ ለዛሬ የሰውየውን ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ላውጋችሁ።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ በዘጌ ተወለዱ። ያ ዓመት ለዋግ ሰውም እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ ወር መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያጠፉት፣ ዋግሹም ጎበዜም ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚያው ዓመት ነው። ልጅ አፈወርቅ ከእቴጌ ጣይቱ ወገን ስለነበሩ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ለማደግ በቁ። የሥዕል ተሰጥኦም ነበራቸው። ይህን ያዩት ምኒልክ በ1879 እና በ1880 ዓ.ም. መካከል ወደ ጣሊያን ላኳቸው። ቱሪን ከተማ በሚገኘው የአልቤርቲና የሥነ ጥበብ አካዳሚም ተማሩ።

ተመልሰው ግን ከቤተ መንግሥቱ ጋር አልተስማሙም። በተለይ ከእቴጌይቱ ጋር ቅያሜ እንደነበራቸው ይነገራል። በ1886 ዓ.ም. ገደማ ከራስ ዳርጌ ልጅ ከጉግሣ ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ። የሕይወታቸው የመጀመሪያው ስብራት የደረሰው እዚያ ሳሉ ነው። ጦርነቱ ሲቃረብ ትምህርታቸውን ጥለው ለጣሊያን አደሩ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የአገራቸው ሰው አድዋ ላይ ሲዋደቅ እሳቸው በጠላት ወገን ነበሩ። ጣሊያን ድል ስትሆን ዕቅዱም ተስፋውም አብሮ ፈረሰ። አፈወርቅም ወደ አገር መመለስ የማይችሉ ሰው ሆነው በጣሊያን ቀሩ፤ ጣሊያናዊት አግብተውም ልጆች ወለዱ።

አማርኛ ልብ ወለድ የተወለደው በዚህ ስደት ውስጥ ነው። አፈወርቅ በኔፕልስ በሚገኘው የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ ያስተምሩ ነበር። በ1905 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የአማርኛ ሰዋስው አሳተሙ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ሮም ላይ ‹‹ልብ ወለድ ታሪክ›› የተባለችውን፣ መቶ ገጽ እንኳ የማትሞላ መጽሐፍ አወጡ። ዛሬ ‹‹ጦቢያ›› እያልን የምንጠራት እሷን ነው። የአንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ መንታ ልጆች ታሪክ ናት። አባት በጦርነት ይማረካል፣ ቤተሰብ ይበተናል፣ ጦቢያ የተባለችው ሴት ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ በባዕድ አገር ትንከራተታለች፤ በመጨረሻም አረመኔው ንጉሥ ወድዷት ሃይማኖቷን ተቀብሎ ያገባታል። ዛሬ በአንድ ወር ውስጥ ለሽያጭ የሚቀርቡትን ልብ ወለዶች ብትደረድሩ ፍቅሩም፣ ጀብዱውም፣ ምስጢሩም፣ ጦርነቱም በዚያች ቀጭን መጽሐፍ ውስጥ አስቀድሞ አለ። ከዚያ በፊት በአማርኛ የሚጻፈው በአመዛኙ ዜና መዋዕል፣ ደብዳቤና የሃይማኖት ጽሑፍ ነበር። ሆን ብሎ ከልብ የተወለደ ረዥም ታሪክ በአማርኛ ለማተም አፈወርቅ የመጀመሪያው ናቸው።

በዚያው ሰሞን ለመንገደኞች የሚሆን መጽሐፍ በአማርኛና በፈረንሳይኛ አዘጋጅተዋል። ጭውውት መስሎ የቀረበ ሲሆን፣ ወታደር በባላገሩ ላይ የሚያደርሰውን ዘረፋና የአስተዳደሩን ብልሹነት ሳይሸፋፍን ይተቻል። በ1901 ዓ.ም. ያወጡት ‹‹ዳግማዊ ምኒልክ›› ግን ሌላ መልክ አለው። ምኒልክን እያወደሰ ዐፄ ዮሐንስን ያለ ርኅራኄ ያጥላላል። ይህን አድልዎ ዝም ብለው ያላለፉት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነበሩ፤ ስለ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያ በጻፉት ጽሑፍ የታሪክ ጸሐፊ ሊኖረው የሚገባውን ሚዛን እያስታወሱ አፈወርቅን በብርቱ ነቅፈዋል። እኔም እስማማለሁ። ብዕራቸው ስለት አላነሰውም፤ የሚያዘነብለው ግን ጥቅም ወዳለበት ነበር።

ከዚያ ወደ ኤርትራ ተሻግረው ንግድ ያዙ። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ምሕረት አግኝተው ወደ አገራቸው ገቡ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ የተማረ ሰው ይፈልጉ ነበርና ሹመት አልነፈጓቸውም። የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ጉምሩኩን አስተዳደሩ። ቀጥሎም በአዲስ አበባ የልዩ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ለሕግ ሰው ይህ ክፍል በተለየ ይስባል። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል፣ የውጭ ዜጋና ኢትዮጵያዊ ሲካሰሱ ቆንስል በችሎቱ እንዲቀመጥ መንገድ ከፍቶ ነበር። ልዩ ፍርድ ቤቱ የዚያ ውል ልጅ ነው። የአገሪቱ የዳኝነት ሥልጣን ከባዕዳን ጋር በሚጎተትበት በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት፣ ውሉ በተፈረመበት ዓመት የመጀመሪያውን ልብ ወለድ ያሳተሙት አፈወርቅ ነበሩ። ቋንቋ ያውቃሉ፣ የፈረንጅን ጠባይ ያውቃሉ፤ ለቦታው የሚበልጣቸው ሰው ማግኘት ቀላል አልነበረም።

ቀጥሎም በሮም የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ተደርገው ተላኩ። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ስትወር ግን ሁለተኛው ስብራት መጣ። ከአድዋው የሚለየው፣ ያኔ የሃያ ሰባት ዓመት ጎልማሳ ነበሩ፤ አሁን ስልሳ ሰባት ዓመት የሞላቸው፣ አገራቸው ምራ የሾመቻቸው ሽማግሌ ናቸው። ወራሪውን አገለገሉ። ‹‹አፈ ቄሣር›› የሚል ማዕረግም ተቀበሉ። በአገራችን አፈ ንጉሥ ማለት በንጉሥ ስም የሚፈርድ ከፍተኛው ዳኛ ነው፤ ያንን የከበረ የፍትሕ ማዕረግ ለባዕድ ገዢ አዙሮ መሸከም ምን ማለት እንደሆነ ለሕግ ሰው ማስረዳት አያሻም።

የእህቴ ልጅ ዝምታ የሚገባኝ እዚህ ላይ ነው። የዋግ ሹሞች ዘር የሆኑት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ጣሊያንን ሲዋጉ በ1930 ዓ.ም. መባቻ ተገደሉ። ራሳቸውም ተቆርጦ ሰው እንዲያየው፣ አይቶም እንዲፈራ ተሰቀለ። ለዋግ ሰው ይህ የቤት ሐዘን እንጂ የመጽሐፍ ታሪክ አይደለም። ያንን በፈጸመው መንግሥት ስም ማዕረግ የተሸከመን ሰው መጽሐፍ በአበርገሌ ልጆች እጅ አስቀምጦ ዝም ማለት አይገባም።

ሌላው ሰው ምን አደረገ ብለን ብንጠይቅ ነገሩ ይብሳል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ልብ ወለድ ጽፈዋል፤ ‹‹አዲስ ዓለም›› የእሳቸው ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም ነበሩ። ጣሊያን ሲገባ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው በ1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አረፉ፤ ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በጣሊያን እጅ ተገደሉ። ስለዚህ ዘመኑ አስገድዷቸው ነው የሚለው መከላከያ ለአፈወርቅ አይበቃም። በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ ነበር፤ የሄዱበትም አሉ።

ነጻነት ሲመለስ አፈወርቅ በፈጸሙት ተጠይቀው ወደ ጅማ በግዞት ተላኩ። ሥዕል ተምረው በቀለም ሕይወታቸውን የጀመሩት ሰው በመጨረሻ ዓይናቸው ጠፋ። በ1940 ዓ.ም. መግቢያ ላይ እዚያው ጅማ አረፉ።

እንግዲህ ውሳኔው ምን ይሁን? በሕግ ትምህርት ቤት ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ ቅጣት ግላዊ መሆኑን ነው። አባት ባጠፋ ልጅ አይታሰርም። ተከሳሽ ሲሞትም የወንጀል ክሱ ይዘጋል። በእኔ እምነት መጽሐፍም እንደ ልጅ ነው፤ በወላጁ ጥፋት ሊቀጣ አይገባም። ‹‹ጦቢያ›› ቄሣርን አታወድስም፤ ከወረራውም 28 ዓመት ቀድማ የተጻፈች ናት። በ1950ዎቹ የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመዋታል፤ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክም ያለ እሷ አይጻፍም።

የታሪክ ችሎት ግን ይርጋ የለውም። መጽሐፉን ነጻ አወጣን ማለት ሰውየውን ነጻ አወጣን ማለት አይደለም። ስህተት የምንሠራው ከሁለቱ አንዱን ስንደብቅ ነው። አንዳንዱ የመጀመሪያው ደራሲ እያለ ያሞግስና ‹‹አፈ ቄሣር›› መባላቸውን ይዘለዋል። ሌላው ባንዳ ብሎ ይዘጋና ልብ ወለድ የሚለውን ቃል ከማን እንደተዋሰ ይረሳዋል። ሁለቱም አንባቢን መናቅ ነው።

ስለዚህ መጽሐፉን ከካርቶኑ አላወጣሁም። ከላይ የጻፍኩትን ታሪክ አሳጥሬ በአንድ ወረቀት አስፍሬ በመጀመሪያው ገጽ ውስጥ አስገባሁት፤ የደጃዝማች ኃይሉን ስም ጨምሬ። ለእህቴ ልጅም ውሳኔው የአንተ ነው አልኩት፤ ልጆቹን የሚያውቃቸው እሱ ነው። አሰበና፣ ላከው ጋሼ፣ ወረቀቱን መጀመሪያ ለሽማግሌዎቹ አነብላቸዋለሁ አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ላብቃ። የእህቴ ልጅ ከሚያስተምራቸው ብዙዎቹ ቤታቸው የሚነጋገሩት በኽምጣንኛ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ መንገድ የተቀደደው ከአገር ርቆ አማርኛን ለባዕዳን በሚያስተምር አንድ መምህር ነበር። አበርገሌ ውስጥ ደግሞ በገዛ አገሩ፣ ለገዛ ልጆቹ የሚያስተምር መምህር አለ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነገ በእናቱ ቋንቋ ልብ ወለድ ቢጽፍ፣ የመጀመሪያው ካርቶን ወጪ የእኔ ነው። ጽሑፉን ከአፈወርቅ ይማር፤ አገር መውደዱን ግን ከሰቆጣ ይማር።