ለተላላኪው ቤተሰብም ቤት የነደፈችው ጄን ድሩ

እህቴ፣ ደማምም ሁኚ ኮባር፣ ቀኑን ሙሉ የምትቆሚበትን ኩሽና አንድ ሰው ወረቀት ላይ ስሎታል። የዕቃ ማጠቢያው የት ይሁን፣ መስኮት ይኑረው ወይስ አይኑረው፣ ጠረጴዛው ወገብሽ ድረስ ይምጣ ወይስ ያጉብጥሽ፣ ሁሉንም የወሰነው ያ ሰው ነው። የምትተኚበትንም ክፍል እንደዚሁ። ብዙ ጊዜ ያ ሰው ሰሃን አጥቦ የማያውቅ ወንድ ነው። ዛሬ የማወራሽ ግን ስለ አንዲት ሴት አርክቴክት ነው፤ ጄን ድሩ ስለምትባል እንግሊዛዊት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ።

ጄን የተወለደችው በመጋቢት 1911 ከለንደን በስተደቡብ፣ ክሮይደን አካባቢ ነው። አባቷ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችን የሚነድፍ ሰው፣ እናቷ ደግሞ አስተማሪ ነበሩ። በ1929 ለንደን ውስጥ ታዋቂ ወደሆነው የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት ገባች። ተመርቃ ሥራ ፍለጋ ስትወጣ ግን በሩ ሁሉ ተዘጋባት። ብዙ ቢሮዎች ሴት አርክቴክት አንቀጥርም አሏት፤ ችሎታዋን እንኳ አይተው አልነበረም።

በ1933 የሙያ ጓደኛዋን አገባች፣ አብረው ቢሮ ከፈቱ፣ መንታ ሴት ልጆችም ወለዱ። ትዳሩ በ1939 ፈረሰ። ያ ዓመት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተነሳበት ነው። ሁለት ልጆች ይዛ፣ ሥራ በሌለበት፣ ቦምብ በሚፈራበት ከተማ ብቻዋን ቀረች። ሌላ ሰው ቢሆን እናቱ ቤት ይገባ ነበር። እሷ ግን የራሷን ቢሮ ከፈተች። ሐሳቧም ሴቶችን ብቻ ለመቅጠር ነበር፤ እነዚያ በሮች የዘጉባት ነገር አልወጣላትም መሰለኝ። በጦርነቱ ጊዜ ከሠራቻቸው ሥራዎች አንዱ ሃክኒ በሚባለው የለንደን ሰፈር ለሕፃናት የቦምብ መጠለያ ነበር።

በዚያው ዘመን የጋዝ ድርጅቶች ማኅበር ስለ ኩሽና አማካሪ አድርጎ ያዛት። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ነገሩ የኛ ነው።

ከጦርነቱ በፊት የእንግሊዝ ሀብታም ቤት ኩሽና ብዙ ጊዜ ምድር ቤት ነበር፤ ጨለማ፣ እርጥብ፣ ከምግብ ክፍሉ የራቀ። ሠራተኛዋ ሳህን ተሸክማ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ትውል ነበር። ማንም ግድ አልሰጠውም። ጦርነቱ ሲመጣ ሠራተኞቹ ወደ ፋብሪካና ወደ ጦሩ ሄዱ፣ ብዙዎቹም አልተመለሱም። ማዳሟ ራሷ ኩሽና ገባች። ያኔ ነው ኩሽና ይመቻል ወይስ አይመችም የሚለው ጥያቄ አገራዊ ጉዳይ የሆነው! የጄን ሥራ ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነበር፤ ሴቲቱ ሳትጎብጥ እንድትሠራ ጠረጴዛው ምን ያህል ይቁም፣ ምድጃውና ማጠቢያው እንዴት ይቀራረቡ የሚለውን በዝርዝር አሰበችበት። በ1945 ስለ ኩሽና አሠራር ትልቅ ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶ ሥራዋ ለሕዝብ ታየ።

በ1942 አርክቴክት ማክስዌል ፍራይን አገባች። በ1944 ሁለቱም ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሄዱ። ቀጣሪያቸው የእንግሊዝ ቅኝ ገዢ መንግሥት ነበር፣ ይህን መደበቅ የለብንም። የከተማና የመንደር ፕላን እንዲያወጡ ነው የተላኩት፤ ዛሬ ጋና የምንላትን ጎልድ ኮስት፣ ናይጄሪያን፣ ሴራሊዮንን፣ ጋምቢያን ይዞራሉ።

የዚያ አገር ባሕር ዳርቻ ሙቀት እርጥበት ያለው ነው። የነሐሴን ኮባር ታውቂው የለ? ልብስሽ ገላሽ ላይ ይጣበቃል፣ ማታም አይበርድም። እንዲህ ባለ ቦታ የእንግሊዝ ዓይነት ቤት ምድጃ ማለት ነው። ስለዚህ ጄንና ባሏ ሕንፃውን ቀጭንና ረጅም አድርገው፣ ነፋሱ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው እንዲወጣ አቅጣጫውን ለነፋሱ ይሰጡ ነበር። ግድግዳው ላይ ፀሐይ እንዳያርፍ ሰፊ በረንዳና ጥላ ይሠራሉ። በመስኮት ፋንታ ብዙ ቀዳዳ ያለው የሲሚንቶ ግድግዳ ያቆማሉ፤ ብርሃንና ነፋስ ያስገባል፣ ፀሐዩን ግን ይሰብራል። ያለ ኤሲ ማለት ነው። ጋና ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶችን፣ ናይጄሪያ ውስጥ ደግሞ የኢባዳንን ዩኒቨርሲቲ የሠሩት በዚህ ዘዴ ነው። ያወቁትንም በመጻሕፍት አሳትመውታል፤ የመጀመሪያው በ1947 የወጣው፣ ስለ ሞቃት አገር የመንደር ቤቶች ነው።

በነገራችን ላይ ክፍልሽ ማታ ማታ እንደ እቶን የሚግል ከሆነ ግድግዳው ወደ ምዕራብ ያየ እንደሆነ ተመልከቺ። የከሰዓት ፀሐይ ያረፈበት ሲሚንቶ የጠጣውን ሙቀት የሚተፋው ሲመሽ ነው። ጣሪያ ላይ የተሠሩ የሠራተኛ ክፍሎች ደግሞ ከላይም ከጎንም ይጠጣሉ። መስኮቱ ላይ ከውጭ በኩል ጥላ ቢደረግ ከውስጥ መጋረጃ ይሻላል፤ መጋረጃው ፀሐዩን የሚይዘው ከገባ በኋላ ነውና። ማዳምሽ የምትሰማ ከሆነች ንገሪያት።

ትልቁ ሥራዋ ግን ሕንድ ነው። በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ የፑንጃብ ዋና ከተማ ላሆር ወደ ፓኪስታን ሄደች። ሕንድ ለቀረው ፑንጃብ አዲስ ከተማ አስፈለገው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኔሩ የደገፉት ይህ ከተማ ቻንዲጋር ነው። ለ ኮርቡዚየ የሚባለው ዝነኛ አርክቴክት ፕላኑንና ትልልቆቹን የመንግሥት ሕንፃዎች ያዘ። ሰው የሚኖርበትን ቤት ግን የያዙት ጄን፣ ባሏና ፒየር ዣነሬ የሚባል ሌላ አርክቴክት ናቸው። ጄን ከ1951 ጀምሮ ሦስት ዓመት ያህል እዚያ ሠራች።

የመንግሥት ሠራተኛው ቤት የሚሰጠው በማዕረጉ ነበር፤ ከላይ ከባለሥልጣኑ ጀምሮ 13 ደረጃ ወርዶ እስከ ተላላኪው ድረስ። የተላላኪውን ቤት የነደፈችው ጄን ናት። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ግንባታውም በአገሩ ርካሽ በሆነው በጡብ ነው። በዚያች ገንዘብ ሁለት ክፍል፣ ኩሽና፣ መታጠቢያና መጸዳጃ፣ በረንዳና ትንሽ ግቢ አወጣችበት። በዚያ ዘመን የቢሮ ተላላኪ በአንዲት ክፍል ከነልጆቹ ታጭቆ መኖሩ የተለመደ ነበር። ሰዎቹ በበጋ ሌሊት ከቤት ውጭ እንደሚተኙም አልረሳችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልልሽ አላልፍም። የዚያው ከተማ ትልልቅ ቤቶች ከጀርባቸው የሠራተኛ ክፍል ነበራቸው፣ ልክ አዲስ አበባ ሰርቪስ እንደምንለው። ከተማው የጌታና የሎሌን ደረጃ አላፈረሰም፤ ጄንም አላፈረሰችውም። ያደረገችው ከታች ላለው ሰው መነሻ የሚሆን ልክ ማስቀመጥ ነው፤ ከዚህ በታች ቤት አይባልም ማለት። ለእኔ ትንሽ ነገር አይመስለኝም። እዚህ ሳውዲም የቤት ሠራተኞች ደንብ አሠሪው ተስማሚ መኖሪያ እንዲሰጥ ያዛል። ኩሽና ወለል ላይ ወይም በር በሌለው ዕቃ ቤት የምትተኚ ከሆነ ያ ውለታ የሚጠየቅበት ነገር አይደለም፣ ውልሽ ነው። በመጣሽበት መክተብ በኩል ወይም በሙሳነድ ጠይቂ፤ ክፍሉንም ከተቻለሽ በስልክሽ አንሺው፣ የቤተሰቡ ሰው ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቂ።

ከሕንድ በኋላም አላረፈችም። ከዚህ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ኢራን ውስጥ ለነዳጅ ሠራተኞች ቤት ሠርታለች። አገሯ ተመልሳ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት፣ በርቀት ለሚማሩ ሰዎች የተቋቋመውን ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎች ነደፈች። አሜሪካ ውስጥ በኤምአይቲና በሃርቫርድ አስተምራለች። በ1969 ደግሞ ወጣት ሆና የተማረችበት ያ የለንደን ተቋም ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጣት፤ ቦታውን የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ሥራዋ ግን ብዙ ጊዜ ከባሏ ስም በኋላ፣ ቻንዲጋር ላይ ደግሞ ከለ ኮርቡዚየ ስም በኋላ ነው የሚነሳው። የተላላኪ ቤት ፎቶ የሚያነሳ ቱሪስት ጥቂት ነው።

ባሏ በ1987 ሞተ። እሷ ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ኮተርስቶን በምትባል መንደር ተቀምጣ አረጀች። በ1996 መጀመሪያ መንግሥት የዴም ማዕረግ ሰጣት፤ 84 ዓመቷ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ 27 ቀን አረፈች። ከ1998 ጀምሮ በስሟ የጄን ድሩ ሽልማት የሚባል ለአርክቴክቶች ይሰጣል።