ግንቡን ማን አሠራው? የእቴጌ እሌኒ ሕይወት በአጭሩ

 

ከዳንግላና ከእንጅባራ የተውጣጣን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በምሥራቅ ጎጃም ወደምትገኘው ወደ ጥንታዊቷ መርጡለ ማርያም ለመሳለም ሄደን ነበር። እዚያም ከፊሉ የቆመ፣ ከፊሉ የፈረሰ ጣራ የሌለው የድንጋይ ግንብ አየን። በድንጋዮቹ ላይ አበባና ሐረግ ተቀርጿል። እየዞርን ስንመለከት ብዙዎቻችን ይህ የፖርቱጋሎች ሥራ ነው ብለን ደመደምን። የቦታው አባቶች ግን በትዕግሥት አረሙን። በትውፊት ቤተ ክርስቲያኒቱ ከአብርሃና ከአጽብሐ ዘመን ጀምሮ የነበረች መሆኗን፣ በዚህ ስፍራ ታላቁን ሕንጻ ያሠሩት ግን እቴጌ እሌኒ መሆናቸውን ነገሩን። የጎጃም ልጆች ሆነን ይህን አለማወቃችን አሳፈረን። ስለዚህ ከተመለስን በኋላ ስለ እርሳቸው ያነበብነውን እነሆ እናቀርባለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

እቴጌ እሌኒ የተወለዱት በሐድያ ሲሆን አባታቸው የአገሩ ገዥ ገራድ መሐመድ ነበሩ። በእስልምና ሃይማኖት ያደጉት ይህች ልዕልት ክርስትና ተነሥተው ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ተዳሩ። በቤተ መንግሥቱም ቀኝ በዓልቲሐት ተብለው ከፍ ያለ ማዕርግ ተሰጣቸው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሲያርፉ ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም ነገሡ። እኚህ ንጉሥ ወላጅ እናታቸው ቀደም ብለው ሞተውባቸው ስለ ነበር እሌኒን እንደ እናት አከበሯቸው። ከዚያም በኋላ በዐፄ እስክንድር፣ በዐፄ ናዖድና በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ምክራቸው ይሰማ ነበር። ከእነዚህ ነገሥታት አንዱም የማኅፀናቸው ፍሬ አልነበረም፤ እርሳቸው ግን ለሁሉም እናት ሆኑ።

በ1508 ዐፄ ልብነ ድንግል ገና በልጅነታቸው ሲነግሡ የመንግሥቱ ሸክም በአብዛኛው በአረጋዊቷ እቴጌ ትከሻ ላይ ወደቀ። እሌኒም አርቀው ተመለከቱ። ከአዳል ጋር ያለው ጠብ እንደሚበረታ፣ በቀይ ባሕርም ብርቱ ጠላት ሊነሣ እንደሚችል ተገነዘቡ። ስለሆነም በ1509 ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ደብዳቤ አስይዘው ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩት። መልእክተኛው ሊዝበን የደረሰው ከብዙ እንግልት በኋላ በ1514 ነው። የፖርቱጋል መልእክተኞችም በ1520 ምጽዋ ደረሱ።

በዚያን ጊዜ ከጎጃም ምድር አብዛኛው የእቴጌዋ ግዛት ነበር። መርጡለ ማርያምን በታላቅ ወጪ ያሠሩትም በዚሁ ዘመን ነው። ከዚህም ሌላ በግእዝ ሁለት መጻሕፍት እንደ ደረሱ ይነገራል። በ1522 ገደማ በዕድሜ ጠግበው ሲያርፉ በአገሩ ሁሉ ትልቅ ለቅሶ ሆነ።

መልእክተኞቹ በ1526 ወደ አገራቸው ሲመለሱ እሌኒ ያሰቡት ኅብረት ገና አልተፈጸመም ነበር። በ1529 ኢማም አሕመድ በሽምብራ ኩሬ ጦርነት ድል አደረገ፤ በዘመቻውም ጊዜ መርጡለ ማርያም ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ይሁን እንጂ እሌኒ የጀመሩት ግንኙነት ፍሬ ሳያፈራ አልቀረም። ከሞቱ 19 ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ በ1541፣ አራት መቶ የፖርቱጋል ወታደሮች ምጽዋ ገቡ፤ በ1543ም ጦርነቱ በወይና ደጋ አበቃ። ፖርቱጋሎች ወደ አገራችን የመጡት ሴቲቱ ስለ ጠሯቸው ነው። በግንቡ ላይም ስማቸው የተነሣው ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607–1632) የኢየሱሳውያን መነኮሳት ቤተ ክርስቲያኑን እንደገና ለመሥራት ስለ ተነሡ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች! ከዚህ ታሪክ እኛ አንድ ነገር ተምረናል። እሌኒ ከሌላ አገር፣ ከሌላ ቋንቋና ከሌላ ሃይማኖት የመጡ ነበሩ። በእኛ ማኅበር ውስጥ በአዊኛ አፋቸውን የፈቱ፣ አማርኛው ገና የሚከብዳቸው፣ ከሩቅ ቀበሌ ትናንት የተቀላቀሉን አሉ። ጽሑፍ ሲነበብና መዝሙር ሲመራ ግን ዘወትር የምንመርጠው የለመድናቸውን ልጆች ነው፤ እነዚያ ከኋላ ይቀመጣሉ። ወጣቷ እሌኒ ዛሬ ወደ ጉባኤያችን ብትመጣ የት እናስቀምጣት ነበር? በጉዞው የነበርን ሁላችን በዚህ ጥያቄ ላይ ተወያይተን አፍረናል። በመሆኑም ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ንባቡ በተራ እንዲሆን፣ የመጀመሪያውም ተራ ከኋላ ለሚቀመጡት እንዲሰጥ ለማኅበሩ ሐሳብ አቅርበናል። እናንተም እንድትደግፉን በእግዚአብሔር ስም እንጠይቃለን።